ገበሩ ላይ የተጻፈው

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» ሲል ሰማሁት። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ወትፎ። ትንሽ አዳመጠና «አዎ፣ በገዛ እጄ» ብሎ ጨመረበት። ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ችፑድ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥሰው ይማርህ የምለው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ተደብቄ አዳመጥኩ ተብዬ ልወቀስ አይገባም። የገረመኝ መስማቴ ሳይሆን የሰማሁት ነገር ነው። ጎረቤቴ ሲቆርጥ እጁ አይስትም፣ ሲሰፋ ማሽኑ ይታዘዘዋል፣ ብዕር ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። ማታ የጻፈውን ጠዋት ማንበብ ያቅተውና፣ እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለኝ የማላነበው ወረቀት የሌለ ይመስል «እስቲ ይህን ነገር እየው» እያለ ይዞልኝ ይመጣል። በዚያ ሱቅ የሚጻፍ ነገር ካለ የምትጽፈው ሚስቱ ናት። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ደንበኛውም ያውቃል፣ እሱ ራሱም ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ ያን ሰዓት ግን የጋለ ካውያ ይዛ ከጎኑ ቆማ ዝም አለች።

ሚስቱን እኛ ጎረቤቶች ዘምዛሚዋ ነው የምንላት። ባሏ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፣ በዚያ ላይ ምልክት ትጽፋለች። ምልክት ማለት ከተረፈ ነጭ ገበር ላይ የተቀደደች ሁለት ጣት የማትሞላ ቁራጭ ጨርቅ ናት። የልብሱ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጻፍባትና በስፒል ከልብሱ ውስጥ ትያዛለች፤ ልብሱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲተኮስ ትነሳለች። ድሮ የሚጻፈው ስም ነበር። አንድ ጊዜ ግን ሁለት ሞክሼዎች በአንድ ሳምንት ሱሪ አሰፉና ረጅሙ የአጭሩን ይዞ ሄደ፤ ካልሲውን ለዓለም እያሳየ ለሥራ ፈተና ቀረበ፣ ሥራውንም አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው «ስም ወገብ የለውም፣ ስም ቁመት የለውም» አለና ስም መጻፍ ቀረ። በምትኩ ሰውየው በበሩ ሲገባ ዓይን ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው ነገር ይጻፋል። «ሸፋፋው»፣ «ቦርጫሙ»፣ «ቀውላላዋ»፣ «መላጣው ሹፌር»፣ «አንድ እጁ»። ፊት ለፊት ወንዱ ሁሉ «ጌታዬ» ነው፣ ሴቷ ሁሉ «እመቤቴ» ናት፤ ስሙ የሚቀየረው ከመጋረጃው ኋላ ነው። በዚህ ዘዴ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ልብስ ተሳስቶ አልሄደም። በእኔ ሱሪ ላይ ምን እንደሚጻፍ ጠይቄ አላውቅም። ሰው ሰላሙን ይፈልጋል።

የዚያን ቀን የደወሉት የዘምዛሚዋ ታላቅ እህት ናቸው፣ መምህርቷ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጀርባቸው የጎበጠ ነው፤ ቀኝ ትከሻቸውም ከግራው አራት ጣት ያህል ከፍ ይላል። በማግስቱ ሐሙስ፣ ከሠላሳ አራት ዓመት ማስተማር በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በጡረታ ሊያሰናብታቸው ነው። ለዚያ ቀን ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ከነጃኬቱ አሰፉ። ጨርቁ ሜትሩ ዘጠኝ መቶ የተገዛ ነው፤ ስስ፣ ለስላሳ፣ ስፒል ከገባበት ቀዳዳው የማይደፈን ዓይነት። ልብስ ሰፊው ለዚያች ትከሻ ብቻ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ሲያስገባ፣ ሲያወጣ፣ በግራው በኩል ማንም የማያውቀውን ትንሽ ጥጥ ሲያስተኛ። ዘምዛሚዋም ለእህቷ ልብስ ሳሳች። እንደ ሌላው በስፒል በመያዝ ፈንታ ምልክቷን በአራት ረጃጅም ስፌት ከገበሩ ጋር አያያዘቻት፣ ከውስጥ፣ ልክ ከጀርባው መሐል። ስፒል ቢሆን ኖሮ ስትተኩስ እጇን ይወጋትና ታነሳው ነበር። ክር አይወጋም። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ልብሱን አጣጥፋ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ራሷ ወስዳ ሰጠች። መምህርቷ ረቡዕ ጠዋት ሲሞክሩት ጀርባቸውን አንድ ነገር ኮሰኮሳቸው። አወለቁት፣ ገለበጡት፣ አነበቡት። «ጎባጣዋ፣ ለሐሙስ» ይላል።

በስልክ ቁጣ አልነበረም። ማን እንደጻፈው ጠየቁ፣ በእጅህ ነው ወይ ብለው ደግመው ጠየቁ፣ መልሱን ሲሰሙ «እሺ» ብለው ዘጉት። ይህች «እሺ» ናት ባልና ሚስቱን ያስደነገጠቻቸው። እናታቸው ሲሞቱ ዘምዛሚዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጓት፣ ፊደል ያስቆጠሯት፣ የዳሯት እኚህ እህቷ ናቸው። እሳቸው ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድ የቆየ ሥርዓት አለው፦ ተሰናባች መምህር ወደ መድረክ ሲወጣ አንድ የቅርብ ዘመድ አብሮት ይወጣል፤ ለመምህሩ ምኑ እንደሆነ በድምፅ ማጉያው ይናገርና አበባውን ይቀበላል። መምህርቷ ከሁለት ሳምንት በፊት እህታቸውን ጠይቀዋት ነበር። እሷ ግን «ሥራ በዝቶብኛል እታለም፣ ባይሆን እሱ ይውጣልሽ» ብላ ባሏን ሰጠች። እንግዲህ ባልየውም በገዛ እጄ ጻፍኩ ካለ፣ ነገ መድረኩ ላይ ከሴትየዋ ጎን የሚቆመው ማን ነው? ብቻቸውን ሊወጡ ነው ማለት ነው፣ በስምንት መቶ ልጅ ፊት፣ በዚያ ጀርባ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በችፑዱ በኩል የመጣልኝ ንግግር እንዲህ ነው።

«ለምን እንደዚያ አልክ?» አለች።

«ምን ልበል ታዲያ? እኔን ቢጠሉኝ ባዕድ ነኝ፣ ይወጣላቸዋል። አንቺን ከጠሉ ግን ማን አላቸው?»

«ክፋት የለበትም'ኮ። የሥራ ስም ነው።»

«የለበትማ! ክፋት ያለበት ሰው ለአንድ ትከሻ ሦስት ቀን ይቀመጣል?» ካለ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። «አንቺ! ሱሪው! ሱሪው!»

ሽታው እኔም ጋ ደርሶ ነበር። ካውያው ከነግለቱ ግራጫ ሱሪ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ቅርጹን አትሟል። የባለሱሪው ምልክት «ቦርጫሙ» ይላል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ነው። ዘምዛሚዋ ካውያውን ነቀለች፣ ነጠላ ጫማዋን በተዘጋ ጫማ ቀየረች። «ለእሱ ነግሬው በዚያው ወደ እታለም እሄዳለሁ፤ ላስረዳት» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«አንተ ክፉ ሰው እንዳልሆንክ።»

ልብስ ሰፊው ማሽኑን ሲረግጥ ሰማሁት፤ ለረጅም ጊዜ፣ ምንም ጨርቅ የሌለበት ማሽን እንደሚጮኸው ነበር የሚጮኸው። የቀረውን ያየሁት እኔ አይደለሁም። ኋላ ራሷ ዘምዛሚዋ እዚሁ እኔ ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ፤ ከኮማና ከአራት ነጥብ በስተቀር ብዙም አልጨመርኩበትም።

የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ጠባብ ሆኖ ረጅም ነው። ጥቅሎቹ በሁለቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያ ተደርድረው መሐሉ ላይ የቀረው መተላለፊያ ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል፤ ያ ሰው ነጋዴው ከሆነ ደግሞ ለማንም አይበቃም። ስለዚህ ደንበኛ ሲገባ እሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው የሚያስገባው። የሱሪውን ነገር ስትነግረው ሆዱ ከሳቁ ቀድሞ ተነቃነቀ። «የቦርጫሙን ሱሪ አቃጠልሽው በይኛ!» አለ። ዘምዛሚዋ ክው አለች። ለካስ አንድ ቀን መጋረጃው ተገልጦ፣ ሱሪው ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ምልክቷን አንብቧት ኖሯል። ለሚስቱም ነግሯት ሦስት ቀን አብረው ስቀዋል፤ ቤት ውስጥም ከዚያ ወዲህ ስሙ እሱ ሆኖ ቀርቷል። ዘምዛሚዋ ይህን ስትሰማ ቀለል አላት። መንገድ ላይ የፈለገችውን፣ ስሙ ስድብ አይደለም የሚላትን ምስክር ሱቅ ውስጥ ቆሞ አገኘችው ማለት ነው።

«አዩ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ስቀውበታል። አንዲት ደንበኛ ግን የራሷን አይታ ተቀየመች።»

«ምን ተብሎ ነው የተጻፈባት?»

ዘምዛሚዋ እጇን ወደ ኋላ አዙራ ትከሻዋን ነካች፣ ከዚያ በመዳፏ በአየር ላይ ጉብታ ሠራች። ነጋዴው መሳቁን ተወ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጠረጴዛው ላይ ጠቀለለው።

«እኔ ቦርጬን በልቼ ነው ያመጣሁት» አለ። «እያንዳንዱን ጉርሻ አስታውሰዋለሁ። ነገ ልቀንሰው ብል እቀንሰዋለሁ፤ አልቀንሰውም እንጂ። እሷ ጀርባዋን ምን በልታ አመጣችው?»

«ሰፊው'ኮ ክፉ ሰው አይደለም።»

«ክፉ መቼ አልኩት? ደግ ሰው ነው። ግን እኔን ቦርጫሙ ስትሉኝ አብሬያችሁ የምስቅ እኔ አለሁ። እሷን ስትሏት አብራችሁ የሚስቀው ማን ነው?» ሜትሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተና፣ ሰው ሲያስከፋ የማይወድ ሰው ስለሆነ ወዲያው ድምፁን አለዘበ። «ለሱሪው አታስቢ። ይቅርታ ልትጠይቂያት ነው አይደል? ዘመድ የላትም? ዘመዷን ይዘሽ ብትሄጂ ይቀልሽ ነበር።»

«አላውቅም» አለች ዘምዛሚዋ።

ይህን ከአፏ ያወጣችው ሳታስበው ነው አለችኝ። ከሱቁ ወጥታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰልፍ ከያዘች በኋላ ነው ምን እንዳለች የታወቃት። ተመልሳ «እህቴ ናት» ለማለት አሰበች፣ ሰልፉ ግን ተንቀሳቀሰ። ቲኬቱ አሥራ ሁለት ነው፤ ሃያ ሰጥታ መልሷን ሳትቀበል ገባች። ወንበር ስላልነበረ ብረቱን ይዛ ቆመች። ከፊቷ አንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ዋጋ እንዴት እንደጨመረ ለማታውቀው ሰው ታስረዳ ነበር፤ ዘምዛሚዋ ለእህቷ የምትለውን በልቧ እየደረደረች አንዱን ስትይዝ አንዱ እያመለጣት፣ መሐል መሐል ላይ የሽንኩርቱ ዋጋ ይገባባት ነበር። እሱ ልቡ ንጹሕ ነው፣ ኪሎው ሰማንያ ገብቷል፣ የሥራ ስም እንጂ ስድብ አይደለም፣ በመቶ ሊሸጡት ነው።

መምህርቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሕንጻው አሳንሰር የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ጥግ፣ አረንጓዴ ቀለሟ የተላጠ አንዲት የተማሪ ወንበር ተቀምጣለች፤ መምህርቷ ለማረፊያ ያኖሯት ናት፤ የሕንጻው ልጆች እንኳ አይነኳትም። ዘምዛሚዋ ሁልጊዜ አልፋት ነው የምትሄደው፣ የዚያን ቀን ግን ተቀመጠችባት። ጉልበቷ ደህና ነበር።

ክፍሉ ሁልጊዜ እንደሚታወቀው ነው። አልጋው በግራጫ ብርድ ልብስ ተወጥሯል፣ መደርደሪያው ላይ የተማሪ ደብተሮች በዓመታቸው ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ ፊት ብቻ የምታሳይ፣ ከትልቅ ሳህን የማትበልጥ መስታወት ተሰቅላለች። በዚያ ቤት ከዚያች የሚበልጥ መስታወት ኖሮ አያውቅም። በሩ አጠገብ ከትምህርት ቤት የመጡ ዕቃዎች በካርቶን ተቀምጠዋል፦ ማስመሪያ፣ ደወል፣ ክዳኑ የጠፋ ቴርሞስ። አረንጓዴው ልብስ ቁምሳጥኑ በር ላይ በመስቀያ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከተዘጋ መጽሐፍ በላይ፣ ነጯ ቁራጭ ጨርቅ አለች፤ ክሮቿ አንድ በአንድ በመቀስ ተቆርጠው ጥግ ላይ ተሰብስበዋል።

«ሻይ ትጠጫለሽ?» አሉ መምህርቷ።

«አልፈልግም፣ አትቸገሪ።»

ቀዱላት። ራሳቸው ግን አልጠጡም። ዘምዛሚዋ አውቶቡስ ላይ የደረደረችውን ሁሉ አወጣችው። እሱ ልቡ ንጹሕ እንደሆነ፣ ለሁሉም እንደዚያ እንደሚጻፍ፣ የጨርቅ ነጋዴው የራሱን አይቶ ከሚስቱ ጋር እንደሳቀ፣ ልብስ ከልብስ እንዳይምታታ ተብሎ እንጂ ማንንም ለመንካት እንዳልሆነ፣ ባሏ ጠዋት ከስልኩ በኋላ ቁርስ እንኳ እንዳልበላ። እሱ፣ እሱ፣ እሱ። አንድም ቦታ ላይ «እኔ» አላለችም። መምህርቷ የተማሪ መልስ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ቁራጯን በአንድ ጣታቸው ገፍተው ፊቷ አደረሷት።

«አንብቢልኝ።»

«እታለም፣ እባክሽ...»

«መነጽሬን አላደረግኩም። አንብቢልኝ።»

መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለሐሙስ ይላል» አለች ዘምዛሚዋ።

«ከላይ ጀምሪ እንጂ። ከመሐል ማንበብ ማን አስተማረሽ?»

ዘምዛሚዋ ጨርቋን አነሳቻት። ቃሏን በሱቁ ውስጥ መቶ ጊዜ ብላታለች፤ የጎባጣዋን ጃኬት አቀብለኝ፣ የጎባጣዋ ቁልፍ ስንት ነው፣ ጎባጣዋ መጥታለች፣ መጋረጃውን ዝጋው። ምንም ሳይከብዳት፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። አሁን ግን አፏን ከፈተች፣ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ እያንቀረቀቡ ይቆጥሩ ነበር፤ አርባ ሦስት ሲደርሱ ወደቀችባቸው።

«የሥራ ስም ከሆነ ለምን አፍሽን ያዘው?» አሉ መምህርቷ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ወረቀቱን አቅኝተሽ ያዢ እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩሽ። ዛሬም ፊደሎችሽ ወደ ኋላ እንደተጋደሙ ናቸው። ባልሽ ጠዋት ‹በገዛ እጄ› ሲለኝ ውሸቱን ወደድኩለት። ሚስቱን የሚወድ ሰው ውሸት ነው።»

ዘምዛሚዋ አንገቷን ደፋች።

«ያ ሰው ሲለካኝ ኋላ ያለውን መስታወት በራሱ ጀርባ ይከልልልኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ያላየሁት ይመስለዋል። እሱ ከመጋረጃ ኋላ ጎባጣ ቢለኝ፣ ይበለኝ። ደስ አይለኝም፣ ግን ሲለኝ ምን ሊያደርግልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ነሽ ያልገባሽኝ። ስም ይምታታል አልሽ፣ እሺ። አንቺ ስንት ታላቅ እህት አለሽ? ‹እታለም› ብለሽ ብትጽፊበት ኖሮ ልብሱ ለማን ይሄዳል ብለሽ ፈራሽ?»

ይህ ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም ያልጠየቃት ጥያቄ ነው፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ለቦርጫሙም ለሸፋፋውም የሚሆነው ምክንያት እዚህ ላይ ሲደርስ አልሠራም። ዘምዛሚዋ ለእኔ ስትነግረኝ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ቆመች፤ እኔም ወረቀት የምደረድር መስዬ ወደ ሌላ አየሁ። ለመምህርቷ የመለሰችላቸውን እንዳለ ላስቀምጠው።

«መጀመሪያ እሱን ነበር የጻፍኩት» አለች። «ሱቁ የተከፈተ ሰሞን ነው፤ አንቺ ያን ቡናማ ካፖርት ልታሰፊ መጥተሽ ስትወጪ። ‹እታለም› ብዬ ጽፌ ነበር። ሁለት ሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። አንደኛዋ ‹ያቺ ጎባጣ ምንሽ ናት?› አለችኝ። ደንበኛ ናት አልኳት። ጨርቁን ቀደድኩና ሌላ ጻፍኩ። እንዲያዩኝ አድርጌ ነው የጻፍኩት እታለም። ከዚያ በኋላ እጄ ለመደው።»

መምህርቷ ቁራጯን ጨርቅ ከእጇ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ልጅ ሆኜ ስም አልነበረኝም። ውኃ ስቀዳ የጎባጣዋ እህት፣ ሱቅ ስላክ የጎባጣዋ እህት። አንቺ ክፍል ውስጥ ስታስተምሪ እኔ ውጭ እሱን እየሰማሁ ነበር። ሳገባ፣ ሰፈር ስቀይር፣ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ሄድኩ ብዬ ደስ አለኝ። ነገም ሥራ አልበዛብኝም። መድረኩ ላይ ቆሜ ምኗ እንደሆንኩ መናገር ፈርቼ ነው እሱን የሰጠሁሽ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንድ ሰው ስለአንቺ ‹ዘመድ የላትም?› ብሎ ጠይቆኝ አላውቅም ብያለሁ።»

ከታች ልጆቹ፣ እንደነገረችኝ፣ ኳሷን ከአንድ ጀምረው ስልሳ አደረሷት። መምህርቷ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጣቶቻቸውን ያዩ ነበር፤ የጠመኔ ደረቅነት ከጥፍሮቻቸው ሥር አልወጣም። ቢጮኹባት ትወድ ነበር። ልጅ ሳለች ዕቃ ስትሰብር እንኳ አይጮኹባትም ነበር፤ ስባሪውን አብረው ይለቅሙና «እጅሽን እንዳይቆርጥሽ» ነበር የሚሏት።

«ተማሪዎቼ ከኋላዬ የሚሉኝን ሠላሳ አራት ዓመት ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ዓመት አለቀስኩ። ኋላ ጆሮዬ መለየት ተማረ። አንዳንዱ ሌላው ስላለ የሚል ነው፤ ያው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ቦርሳዬን ይሸከምልኛል። አንዳንዱ ደግሞ አንድም ቀን አይለኝም፣ ግን ደብተሩን ሲያቀብለኝ እጄ እንዳይነካው ጫፉን ይይዛል። ይህን ሁሉ ለይቼ አውቃለሁ። አንቺን ግን ለመለየት ሞክሬ አላውቅም። የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።»

«ነገ እኔ ልውጣ» አለች ዘምዛሚዋ።

መምህርቷ ከወንበሩ ተነሱ። ሲነሱ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ወደ ቁምሳጥኑ ሄደው የጃኬቱን ግራ ትከሻ ቆንጥጠው አዩት፣ ያ ጥጥ ያለበትን። «ልብሱን እለብሰዋለሁ» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጧት። «ልብሱ ምን አደረገኝ?» ቀጥለውም ሳይዞሩ፣ «አዳራሹ ውስጥ ስምንት መቶ ልጅ አለ። አንቺን አጠገቤ ሲያዩ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ታውቂያለሽ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ጊዜ ካሉሽ አይተውሽም። ገበያ ላይ ያገኙሻል፣ ሱቅሽ ድረስ ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ እታለም።»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አሉ መምህርቷ።

ዘምዛሚዋ ቀዝቃዛውን ሻይ ቆማ ጨለጠችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መምህርቷ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ይሸኟት ነበር፣ የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆሙ። ሳም አላደረጓትም፣ ደህና ሁኚ ግን አሏት። በሩ ወዲያው አልተዘጋም፤ ደረጃውን ስትወርድ የመዝጊያውን ድምፅ እየጠበቀች ወረደች፣ ግቢው እስክትደርስ አልሰማችውም።

አውቶቡሱን ትታ በእግሯ ስለመጣች ወደ ሱቁ ስትመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። እኔም የፎቶ ኮፒውን ማሽን አጥፍቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ስትመጣ አየኋት። ሰላም አልኳት፤ «እንደምን ዋልክ ጎረቤት» ብላ አለፈች፣ ሳትቆም። ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ለአንድ ደንበኛ እንኳ መጋረጃውን አልከፈተም፤ ሜትሩ ከአንገቱ አልወረደም፣ ያላለቀ እጅጌ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ሊነሳ ፈልጎ እጅጌው ያዘው።

«ምን አሉ? ታረቃችሁ?»

«ነገርኳት» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አንተ እንዳልጻፍከው ቀድሞም ታውቅ ነበር። ከአንተ የጀመረ ነገር አይደለም፤ ከእኔ ነው፣ ከልጅነቴ። ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ።»

ልብስ ሰፊው ጠባዩ ጠያቂ ነው፤ የማያገባውን ሁሉ ይጠይቃል፣ የእኔን ገበያ ሳይቀር። ያን ዕለት ግን «ሌላ ጊዜ» ስትለው ተቀበላት። እጅጌውን አጥፎ አስቀመጠ፣ መርፌውን ትራሱ ላይ ሰካ፣ የማሽኑን ሽፋን ጎትቶ አለበሰው።

«ነገ ማን ነው የሚወጣው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ አሉ?»

«እሺ አላለችኝም።» ዘምዛሚዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «አትምጪም አላለችኝም።»

ልብስ ሰፊው መብራቱን ሊያጠፋ እጁን ዘርግቶ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲያስ በጊዜ ሂጂ» አላት። «ከኋላ ደግሞ እንዳትቀመጪ።»